ቮልስ ውስጥ ያለቀ ሽምግልና

አጎቴ ከሰው ይልቅ ቮልሷን ያምናል። ከአባቱ የወረሳት መኪና ናት። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ እሷን ያልገፋ ጎረቤት የለም፤ እኔማ እየገፋሁ ነው ያደግሁት። ይኼ አልበቃ ብሎ አምና ቴሌቪዥን አስገባባት።

የቮልሷ ባትሪ የዝናብ መጥረጊያዋን እንኳ ማንቀሳቀስ አይሆንለትም። ስለዚህ የጭነት መኪና ባትሪ አምጥቶ ከኋላ፣ ተሳፋሪው እግሩን በሚያሳርፍበት ቦታ ጎለተው። ከባትሪው ኢንቨርተር፣ ከኢንቨርተሩ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ቀጠለ። ዲሹን ደግሞ ጣሪያዋ ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ጋር በሲባጎ አሰረው። ሐሳቡ እየነዳ ሊያይ ነበር። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ምስሉ ድራሹ ይጠፋል፣ ቆማ ዲሹ ሲስተካከል ይመጣል። ዲሽ ቆሞ እንጂ እየጋለበ እንደማይሠራ ብንነግረው ጥፋቱ የመንገዱ ነው አለ።

እንግዲህ ይኼን ሰውዬ ነው ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት። ሰመራ የምታስተምር ልጅ ወድጄ ነበር። አባቷ ከወሎ የመጡ ባለ ካፌ ናቸው፤ እሳቸው እንቢ ካሉ ነገሩ አበቃ። አጎቴ ሁለት ጎረቤቶቻችንን ይዞ ተነሣ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ወጉ ነው፤ እኔ ግን የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል ተብዬ ተጫንኩ።

ቀኑ የዋንጫ ጨዋታ ቀን ሆነና አረፈው። ሰመራ ስንደርስ መብራት ጠፍቷል፤ የካፌው ሰው ሁሉ የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። አጎቴ ቮልሷን በሩ ላይ ገትሮ ዲሹን ሲያዞረው ምስሉ ከች አለ። የደንቡ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ሲባል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብሎ ይቆማል። የእኛዎቹ ጉዶች «ግቡ» ሲባሉ አንወርድም አሉ።

አባቷ ተቆጥተው ወደ መስኮቱ መጡ፤ አንገታቸውን አስገቡና «ስንት ለስንት ናቸው?» አሉ። ቦታዬን ለቀቅሁላቸው። ነፋሱ ዲሹን እያወዛወዘ ስላስቸገረ እኔ ደግፌ እንድይዝ ታዘዝኩ። በዚያ በሰመራ ፀሐይ፣ ክራቫት አስሬ፣ ዲሽ አቅፌ ቆምኩ።

እረፍት ሆኖ ማስታወቂያ ሲጀምር አጎቴ ጉዳያችን ትዝ አለው።

«ሐጂ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነበር የመጣነው።»

«የናንተ ልጅ የቱ ነው?»

«ዲሹን የያዘው።»

አባቷ በመስኮት ቀና ብለው አዩኝ። «ታጋሽ ይመስላል። ይሁን፣ አላህ ይባርከው። እስቲ ድምፁን ጨምረው፣ ሊጀምር ነው።»

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እፍረት ያዘኝ። ልጅቷ ለእንግዶቹ ውኃ በትሪ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«የኔ ነገር በማስታወቂያ መሐል አለቀ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ትሪውን በባዶ እጄ አስያዘችኝ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ገባችና ሽቦውን ከባትሪው ላይ ነቀለችው። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። አራቱ ወንዶች በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ።

«አሁን እኔን ጠይቁኝ» አለች።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በወዲያኛው መስኮት ወደ እኔ ብቅ አለና ስሟ ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።