የአረፋ ማግስት ቁልቁለት

የጋለ ፍሬን በሸተተኝ ቁጥር እጄ የበር እጀታ ፍለጋ ይሄዳል። በቀደም ታክሲ ውስጥ ያው ሽታ መጣና ከጎኔ የተቀመጡት እናት "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። አላመመኝም። ወደዚያ ክረምት ሄጄ ነው። ስለ አባቴ ደጋግመህ ስለጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ፤ ራሴን ግን አላሳምርም።

አባቴ ወልድያ ውስጥ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ሲነዳ አይቸኩልም፤ ጓደኞቹ "ሙሽራ የጫንክ ይመስል" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቁልቁለት የሚወርደው በሚወጣበት ማርሽ ነው፤ ፍሬን ላይ የሚተኛ ሾፌር ሲያይ አንጀቱ ያርራል። ኩርባ ጋ ሲደርስ ክላክስ ያሰማል፤ ለሚወጣ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል። "ጉም ላይ ረጅም መብራት ካበራሽ የገዛ መብራትሽ ነው የሚያሳውርሽ" ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ ጋቢና አጠገቡ ስለምቀመጥ ሁለተኛ ዓይኑ እኔ ነበርኩ። ኩርባውን በዞርን ቁጥር "ምን አየሽ?" ይለኛል። "በሬ" እለዋለሁ፣ "ጎርፍ" እለዋለሁ፣ "የተናደ ድንጋይ" እለዋለሁ። እሱም ያልኩትን አምኖ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። እዚያ ወንበር ላይ እንደታመንኩት የትም ታምኜ አላውቅም።

ያን ክረምት ግን ሰው ሰውን ማመን ትቶ ነበር። ጦርነቱ ከሰሜን በኩል እየቀረበ ነው፤ እዚህ ደረሱ፣ እዚያ ደረሱ ይባላል። ፊቱ ያልታወቀ ሁሉ ሰርጎ ገብ ሆነ። ለዓመታት ጫማችንን የጠገነልን ሰውዬ ሦስት ቀን ከቦታው ስለጠፋ ብቻ፣ የሰፈሩ ሰው "እኔ እኮ ድሮም አላማረኝም ነበር" ማለት ጀመረ። የእናቴ ወንድም ደግሞ የባሰበት ነበር። የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ የማያውቀውን መኪና ታርጋ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። እናቴ "የኔንም ጥላ መዝግበው እንጂ" እያለች ትስቅበታለች። እኔ አልስቅም ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ደብተሩ ያስቀናኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እኔም በልቤ የምጠረጥራቸውን ሰዎች እቆጥር ነበር።

አረፋን አክስቴ ቤት መዋል የአባቴ ልማድ ነው። እህቱ የምትኖረው ከመርሳ በላይ፣ የጠጠሩ መንገድ ከሚወጣበት የሀብሩ ደጋ ላይ ነው። "ዘንድሮስ ይቅርብን" አለች እናቴ። "ዘንድሮማ ጭራሽ አይቀርም፣ ከርሞ ማን እንደሚኖር በምን እናውቃለን?" አለ አባቴ። አጎቴም ደብተሩን ኪሱ ከትቶ አብሮን መጣ።

ውሎው ቆንጆ ነበር። ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ ጭቃው ያዳልጣል፣ እርጥብ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች "ያ አላህ፣ ሰላሙን አውርድልን" እያሉ ዱዓ ሲያደርጉ ድምፃቸው ከዝናቡ ጋር ይቀላቀላል። ያን ቀን ለጥቂት ሰዓት ማንንም አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው። የዝናብ መጥረጊያው ሲጥ ሲጥ ይላል። ሦስተኛውን ኩርባ እንደዞርን መንገዱ ላይ ትኩስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተጥሎ አየሁ። እንደምታውቀው፣ መኪና የተበላሸበት ሾፌር ከኋላ የሚመጣው ቀስ እንዲል ራቅ አድርጎ ቅጠል ይጥላል። ያን ክረምት ግን መንገድ ላይ የተጣለ ነገር ሁሉ ወጥመድ ነበር የሚመስለን።

"ቅጠል" አልኩ።

"የሾፌር ነው" አለ አባቴ፣ ማርሹን ወደ አንደኛ እየመለሰ።

አጎቴ ከኋላ ብድግ አለ። "አትቁም! ማስቆሚያ ነው፣ ጥሰህ እለፍ!"

"ገደል አፋፍ ላይ ጥሶ ማለፍ የሚባል ነገር የለም" አለ አባቴ።

ከጉሙ ውስጥ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ብቅ አለ። አጠገቡ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ቆሟል፤ ዝናብ አበስብሶታል፣ በእጁ ብረት ይዟል።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ።

"ወዓለይኩም ሰላም። ምን ገጠመዎት?" አለው አባቴ።

"ባሌስትራ ተሰበረብኝ፣ ወንድሜ። መርሳ ድረስ ብትወስደኝ መካኒክ ይዤ እመለስ ነበር።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን አየሽ?"

"ሱሪው ላይ ደም አለ" አልኩት። "ከመኪናው ሥርም ደም ይንጠባጠባል።"

ውሸት አልነበረም። ከሸራው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ቀይ ነበር፤ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። አጎቴ ከኋላ "ሰው ነው፣ ሬሳ ጭኗል!" እያለ ያንሾካሹካል። ማናችንም ሰውየውን "ምን ጭነዋል?" ብለን አልጠየቅነውም። ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚተወው መጠየቅን ነው።

አባቴ አመነኝ። "ቤተሰብ ይዣለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለው። "መካኒኩን እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ።" ሰውየው ቅር አላለውም። "አላህ በሰላም ያግባችሁ" አለና ጎማችን እንዳይንሸራተት ራሱ ገደሉ በኩል ቆሞ፣ "ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ ስበር፣ በቃ" እያለ በጭነት መኪናው ጎን አሳለፈን።

መርሳ እንደደረስን አባቴ ኬላው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አወረደንና መካኒክ ፍለጋ ሄደ። አጎቴ ሻይም አላዘዘ፤ በቀጥታ ኬላ ወደሚጠብቁት ወጣቶች ሮጠ። ወዲያው አራት አምስት ሆነው መጡና ከበቡኝ።

"አንቺ ነሽ ያየሽው?"

"አዎ።"

"ደም?"

"አዎ።"

"መሣሪያስ ይዟል?"

በእጁ የያዘው የክሪክ ዘንግ ነበር። አባቴ ጎማ ሲቀይር ስንቴ አቀብዬዋለሁ፤ በጨለማ እንኳ ብነካው አውቀዋለሁ። ግን ሁሉም አፌን እያዩ ነበር። አጎቴ እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚያየኝ።

"አዎ" አልኩ።

በፒክአፕ ተጭነው ሽቅብ ወጡ። አባቴ መካኒኩን ይዞ ሲመጣ እናቴ የሆነውን ነገረችው። ወደ እኔ መጣ፤ አልተቆጣም። ለመጨረሻ ጊዜ "ምን አየሽ?" አለኝ።

"የክሪክ ዘንግ" አልኩት።

መካኒኩን ጭኖ ወደ ሽቅቡ ተመለሰ። ሞተሩን እንደዚያ ሲያስጮኸው ሰምቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ኩርባ፣ ያ ጉም፣ ያ የሚያዳልጥ ጠጠር፤ ክላክሱ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እናቴ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች፤ አጎቴ ጫማውን ያያል። እኔ አባቴ ገደል ገብቶ ሲቀር፣ ሰውየውም ተገድሎ ሲገኝ አንዱን በሌላው ላይ አስባለሁ። ሁለቱም በኔ "አዎ" ነበር የሚሆነው።

ከቀትር በኋላ መኪናችን ሲመለስ ከመቆሙ በፊት ሽታው ደረሰ። ፍሬኑ ግሎ ይጨስ ነበር። ሰውየው ጋቢና፣ የኔ ቦታ ላይ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጧል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንጓው ላይ የገመድ ምልክት አለ። መካኒኩ ነው ያወራልን። ወጣቶቹ እጁን አስረው ገደል አፋፍ ላይ አንበርክከውት ነበር አሉ፤ አባቴ ደርሶ ከመሃል ገባና "መጀመሪያ ሸራውን ግለጡ!" ብሎ ጮኸ። ሲገለጥ የአረፋ በግ ሌጦ ነው። ነጋዴው ከየቤቱ የሰበሰበው፣ በጨው የታሸ፣ ዝናብ ገብቶበት ደሙን የሚያወርድ ሌጦ።

የአክስቴን በግ ሌጦ በጨው ያሸሁት እኔ ነበርኩ። ማታ ከአጥሯ ላይ አንሥቶ የወሰደውም ይኸው ሰው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ "ሌጦ ያላችሁ!" የሚለውን ድምፁን ሰምቼ ነበር። የራሳችን በግ ደም ነበር ያስፈራን።

ሰውየውን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጦርነቱ ደረሰና እኛም ተበተንን፤ እሱም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። አባቴ ዛሬ አርጅቷል፤ ስለዚያ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ባነሳብኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ያን ቀን ግን እናቴ ሰውየውን የአባቴን ደረቅ ሹራብ አልብሳ ሻይ አቀረበችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የያዘው። የሆነው ሁሉ የገባው በሌላ መንገድ ነበር፤ ወጣቶቹን ለእርዳታ የላክንለት እኛ መስሎታል። "እናንተ ሰው ባትልኩልኝ እዚያው ብርድ ላይ አድር ነበር" አለ። "ልጆቹም ፈርተው ነው እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም፤ አልፈርድባቸውም።" ተነሥቶ የአጎቴን ትከሻ ሳመ። አጎቴ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ጨው የበላው ሻካራ እጁን አናቴ ላይ ጫነ። አባቴ በሩ ጋ ቆሞ ያየኛል፤ አንድ የእውነት ቃል እንዳወጣ ሲጠብቀኝ አውቄዋለሁ።

"አላህ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ፣ ልጄ" አለኝ ሰውየው።

"አሚን" አልኩ።