ተራ የሌለው ሰንጠረዥ

«አንዱን ምረጥልኝ እንጂ! ያለኝ የኢንተርኔት ጥቅል አንዱን ብቻ ነው የሚያወርደው» አለች እህቴ፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና። ቅዳሜ የትምህርት ቤት የቼዝ ውድድር አለባት። አንደኛው የቼዝ ፕሮግራም ስህተት እያረመ ያስተምራል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያሸንፋል።

ስልኩ ላይ የተደረደሩትን ጠጠሮች ሳይ አጎታችን መሪጌታ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጋቢያቸውን እየገለበ፣ ወይራ ወይራ በሚሸት ገበታ ላይ ሰንጠረዥ፣ የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ፣ ያጫውቱኝ ነበር። በእርሳቸው ሕግ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባሻቸው ፍጥነት ያስኬዳሉ።

«ኧረ ተራዎን ይጠብቁ!» እያልኩ አለቅሳለሁ።

«አንተ ፈዛዛ፣ ጠላት ተራህን ይጠብቅልሃል?» ይሉኛል፣ እጃቸው ሳያርፍ።

«ሁለቱም ፕሮግራሞች ተራ ጠባቂ ናቸው፤ ምን ይረቡሻል?» አልኳት እህቴን።

«አምናም ከውድድሩ ያስባረርከኝ በዚሁ ትምህርትህ ነው! ዳኛው ፊት ሦስቴ አከታትዬ አስኬድኩ፤ አዳራሹ ሙሉ ሳቀብኝ።»

እውነቷን ነው። ቢሆንም መሪጌታን የከዳሁ መስሎኝ «የሚያስተምረውን ጫኚ» ማለት አቃተኝ።

«በል፣ ከመሪጌታህ ጋር ተጫወት!» አለችና ስልኳን ኪሷ ከትታ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ጓ ብሎ ተዘጋ።