ጓንጉል በዓሉን የሳተበት ዓመት

ጓንጉልን ገዳሪፍ ውስጥ የማያውቀው የለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በመፋዛ መንገድ ላይ ባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ግን ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። ድምፁ ነው የሚያሳውቀው። በማለዳ ልጆቹን የሚቀሰቅሰው በደወል ሳይሆን በስድብ ነው፤ ስድቡም ቢሆን ከቋራ ይዞት የመጣው፣ ክፋት የሌለበት ስድብ ነው። ለአንድ ወቅት ብቻ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ሱዳን ተሻግሮ፣ ያቺ አንድ ወቅት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናበት የቀረ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲዝል፣ ለአዳሪ ልጆች ጠባቂ ይፈለጋል ሲሉት ገባ፤ ይህ ነገር ሲሆን በጠባቂነቱ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሁለት የአዳሪ ቤቶች ነበሩ፤ በወንዞቹ ስም አንዱ ራሃድ፣ ሌላው ሰቲት ይባላሉ። ራሃድን የሚጠብቀው ጓንጉል ነው፤ ልጆቹም አብዛኞቹ ከጎንደር ቆላ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ሰቲት የመፋዛ ገበሬዎች ልጆች ይበዙበታል፤ ጠባቂው እስማኤል የሚባል የገላባት ሰው ነው። ድንበር ላይ ስላደገ አማርኛውን ከአረብኛው እኩል ያስኬደዋል፣ ለነገር ሲሆን ደግሞ አማርኛውን ይመርጣል።

ሁለቱ እሳትና ጭድ ነበሩ። የራሃድ ልጆች አጎበራቸውን አጥበው ካሰጡ፣ በማግስቱ የሰቲት ልጆች አጎበርም ፍራሽም ያሰጣሉ። ሰቲት በኳስ ካሸነፈ ራሃድ ለሦስት ቀን ሰላምታ አይሰጥም። አንዴ እስማኤል የውሃ በርሜሎቹን ኖራ ቢያስቀባ፣ ጓንጉል ተናዶ የራሱን በርሜሎች ብቻ ሳይሆን የኒም ዛፎቹን ግንድ ጭምር አስቀባ። ምን ልበላችሁ፣ ልጆቹ እንኳ አንዳንዴ ያፍሩባቸው ነበር።

ያ ዓመት ግን የጨዋታ አልነበረም። ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መጠለያ ሲሆኑ ይኼኛው የበጎ አድራጊዎች ስለሆነ እንደምንም ቀጠለ። ክረምቱ ሲገባ ርዕሰ መምህሯ ኡስታዛ ረሒማ ሁለቱን ጠባቂዎች ጠርተው ቁርጡን ነገሯቸው። ከሰሊጡ በኋላ ከሁለቱ ቤቶች አንዱ ለተፈናቃይ ቤተሰቦች ይሰጣል። ልጆቹ በሙሉ በአንድ ቤት ይጠቃለላሉ፤ አንድ ቤት ደግሞ የሚፈልገው አንድ ጠባቂ ነው። ማን ጠባቂ ሆኖ ይቅር ለሚለው፣ ዓመቱን ቤቱን ያስከበረ ይቅር አሉ። ንጽሕና ይቆጠራል፣ ፈተናና ኳስ ይቆጠራል፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ ቤት ከግቢው ጀርባ ካለው የሰሊጥ ማሳው በገዛ ልጆቹ እጅ ያስገባው ምርት ይቆጠራል።

ጓንጉል ያን ቀን ምሳ አልበላም። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው፤ ከግቢው ወጣ ማለት ከወረቀቱም ወጣ ማለት ነው። አገሬ ልግባ እንዳይል፣ ከመተማ ወደ ላይ ያለው መንገድ በዚያ ዓመት የተኩስ መንገድ ሆኗል። ሽንፋ ያለችው እህቱ እናኑ፣ ከእሷ ሌላ ዘመድም የለው፣ በስልክ ባገኘችው ቁጥር መንገዱ ሰላም እስኪሆን ድረስ ንቅንቅ እንዳይል ትለምነዋለች። እና የት ይሂድ? እዚያው መቅረት አለበት፤ ለመቅረት ደግሞ እስማኤልን ማሸነፍ አለበት።

ሐምሌ ላይ ሰሊጡ ተዘራ። ልጆቹ ከትምህርት መልስ ሲያርሙ፣ ሁለቱ ጠባቂዎች የማሳዎቹ ድንበር ላይ ቆመው አንዱ የሌላውን ማሳ በዐይኑ ይመዝናል። ራሃድ በፈተና መራ፣ ሰቲት በኳስ መራ፤ ንጽሕናው አንድ ወር ለዚህ፣ አንድ ወር ለዚያ ሆነ። ጥቅምት ሲገባ እኩል ለእኩል ነበሩ። የቀረው ሰሊጡ ነው።

ሰሊጥ ደግሞ አይታመንም። ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቆሞ ይደርቃል። ደርቆ አፉን ከከፈተ በኋላ ፈጥነው ካላራገፉትና ንፋስ ከመጣ፣ ምርቱን የሚበላው መሬት ነው። የጓንጉል ሰሊጥ አፉን የከፈተው በመድኃኔዓለም ዋዜማ ሆነ። እንግዲህ ጓንጉል ጾሙን ሊሸራርፍ ይችላል፤ ጥቅምት መድኃኔዓለም ግን ማጭድም መንሽም አይነካም፣ ልጆቹንም አያስነካም። በዓሉ በሱዳኖቹ አቆጣጠር በአሥራ አንደኛው ወር በስድስተኛው ቀን እንደሚውል ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፎታል። ድሮ በሠራተኞቹ ካምፕ ሳለ በዓል የሚቆጥር ሰው አይጠፋም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከገባ ወዲህ ግን ቆጣሪውም አክባሪውም እሱ ራሱ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ነጠላውን ለብሶ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ንፋሱ ተነሣ። የመጀመሪያው ነዶ ሲወዛወዝ ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ።

በቆላው የሰሊጥ ካምፕ አንድ የቆየ ደንብ አለ። በክርስቲያኑ በዓል ሙስሊሙ ሥራውን ያነሣለታል፤ ጁምዓ ቀን ደግሞ ሙስሊሙ ሶላት ሲሄድ ክርስቲያኑ ይሸፍንለታል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አያፈርሰውም። እስማኤል ድንበሩን ተሻግሮ መጣና ይህንኑ ደንብ አነሣ። የሰቲትን ልጆች ይዞ እንደሚያራግፍለት፣ ጓንጉልም ከተቀመጠበት እንዳይነሣ ነገረው። ጓንጉል ጠረጠረ፣ እንዴት አይጠርጥር! ባላጋራ ግማሹን ከሸራው ውጭ ቢያፈስሰውስ? ንፋሱ ግን ጊዜ አልሰጠውም፤ እንደ ኮሶ እየመረረው እሺ አለ። ቀኑን ሙሉ ዐይኑን ከእስማኤል እጅ አልነቀለም። አንዲት እፍኝ አልባከነችም። እንዲያውም እስማኤል ከሸራው ጠርዝ የዘለለውን ጎንበስ ብሎ በጣቱ ይለቅም ነበር። የእስማኤል ሰሊጥም ያንኑ ቀን አፉን ከፍቶ እንደነበረ ጓንጉል ያየው ከሰዓት በኋላ ነው። የራሱን ትቶ ነው የመጣለት። አሥራ ሁለት ጆንያ ሞላ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናኑ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ሊላት ሲጀምር አቋረጠችው፤ በዓሉ ነገ ነው። ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ስለሆነች በሱዳኖቹ አቆጣጠር ቀኑ በአንድ ወደፊት መሄዱን ነግራው፣ እንዴት ይኼ ይጠፋሃል እያለች ሳቀችበት። ጓንጉል አልሳቀም። ነጠላ ለብሶ በተራ ሰኞ ተቀምጦ፣ ባላጋራውን በነጻ ሲያሠራ ነው የዋለው።

ስልኩን ዘግቶ ሲያስበው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ነገ የእስማኤል ሰሊጥ መራገፍ አለበት፤ የሰቲት ልጆች ደግሞ ዛሬ ዝለዋል። በደንቡ ውለታውን መመለስ ያለበት ጓንጉል ነው። ነገር ግን ነገ መድኃኔዓለም ነው፣ እውነተኛው። በዓል ነው ብሎ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? ንፋሱ የሰቲትን ሰሊጥ ይበትነዋል፣ ራሃድ ያሸንፋል፣ ወረቀቱ ይታደሳል። አንድም ውሸት ሳይናገር! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጓንጉል በዚህ ሐሳብ ደስ ብሎት እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። ፉሉን ከዋጠ በኋላ ነው እስማኤል ጎንበስ ብሎ ሲለቅም የታየው፤ ከዚያ ወዲያ ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት መንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ድንበሩን ተሻገረ። ልጆቹን የፈቀዳችሁትን አድርጉ ብሏቸው ነበር፤ ሁሉም ተከተሉት።

"እስማኤል፣ ትናንት በዓል አልነበረም" አለው። "ዛሬ ነው። ተሳስቼ ነው ያሠራሁህ።"

እስማኤል መንሹን አየ፣ ሰውየውን አየ። "ታዲያ በበዓልህ መንሽ ይዘህ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"እኔ በዓሌን ትናንት አክብሬያለሁ። መድኃኔዓለም የቀን ጉዳይ ካለው ከእኔው ጋር ይነጋገራል።"

እስማኤል ሳቀ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ጓንጉል እስማኤልን ሲስቅ ያየው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሥራ። ጓንጉል በሰሊጥ ላይ እጁ የታወቀ ነው፤ ነዶውን ገልብጦ በዱላ ቸብ ሲያደርገው ዘሩ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ንፋሱ ሳይበረታ ጨረሱ። ሰቲት አሥራ ሦስት ጆንያ አስገባ። ጓንጉል በገዛ እጁ ተሸነፈላችሁ፣ በአንዲት ጆንያ።

ኡስታዛ ረሒማ ቆጥረው ሲጨርሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንዲቆይ ለጓንጉል በትሕትና ነገሩት። ጓንጉል እሺ ብሎ ሊወጣ ሲል እስማኤል በሩ ላይ ቆመ።

"ኡስታዛ፣ እኔ አላሸነፍኩም" አለ። "የራሃድን ሰሊጥ ያራገፍኩት እኔ ነኝ፤ የእኔን ያራገፈው እሱ ነው። በገዛ ልጆቹ እጅ ያስገባ ካሉ ሁለታችንም ወድቀናል። ደግሞስ አርባ ስድስት ልጅ በአንድ ሰው ይጠበቃል? ጁምዓ ስሄድ ማን ይቆምልኛል? እሱ ከወጣ እኔም ገላባት እገባለሁ።"

ኡስታዛ ረሒማ ተቆጡ፤ ያወጡት ሕግ እንደ ሰሊጡ ተራግፎ ነበርና። ሁለቱንም ብዙ ወቀሱ። በመጨረሻ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይጣሉ ማደር ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ሁለቱም ሳይመካከሩ አንችልም አሉ። እሳቸውም ተነፈሱና፣ እየተጣላችሁም ቢሆን ልጆቹን ጠብቁ ብለው የጓንጉልን የፈቃድ ደብዳቤ እዚያው ፊቱ ጻፉለት።

ጓንጉል ደብዳቤውን ይዞ ወጣ፤ ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጠና የወራት ጭንቀቱን እፎይ ብሎ አወጣው። እንባው መጣበት፤ ማንም አየ አላየ ግድ አልሰጠውም። ከዚያ እናኑ ጋ ደወለ። እዚሁ መቅረቱን፣ አሁን ቶሎ እንደማይመጣ ነገራት። ወንድሟን ካየች አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት፣ አይመጣም ስትባል ስልኩ ላይ እልል አለች።