የብርቱካን ልጣጭና ባዶ ሙቀጫ

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ሴት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትወቅጣለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አጓድላ አታውቅም፤ ዘነዘናው በወረደ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይቆጣል ወይ ሬዲዮ ይከፍታል። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ መስኮቱን እከፍትና አሸታለሁ። የነጭ ሽንኩርት ወይም የኮረሪማ ሽታ ከመጣ ልቤ ያርፋል፤ ካልመጣ ሴትዮዋን እጠረጥራታለሁ። ባለቤቴ ታደሰ በዚህ ጠባዬ ይስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝ የለም፤ አርባው ወጥቷል። ታሞ ተኝቶ ሳለ ጠያቂ ካመጣው ብርቱካን የተረፈው ብቻ ወጥ ቤት ጥግ ሳህን ላይ ተቀምጦ፣ ልጣጩ እየደረቀ እየጠቆረ ነው። ልጄ ልትጥለው ስትል ከለከልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እዚህ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ያደግሁት አቃቂ ነው፣ ባቡሩ በነበረበት ዘመን፣ ለባቡር ሠራተኞች በተሠሩት ቤቶች ውስጥ። ቤቶቹ መንታ መንታ ነበሩ፤ በአንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁለት ቤተሰብ ይኖራል፣ መሐል ላይ አንድ ግድግዳ አለ፣ ግድግዳው ግን እስከ ጣራው አይደርስም። ከላይ ባለው ክፍተት የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ጸሎት፣ የጎረቤት ወጥ ሽታ ሁሉ ይሻገራል። በር እኩል፣ መስኮት እኩል፣ የግድግዳው ቀለም አንድ ዓይነት ክሬም፣ ደመወዙም በእርከን ስለሆነ ማን ምን እንደሚያገኝ ሁሉም ያውቃል። ሰው እንዲህ እኩል ሲሆን ሰላም የሚያገኝ ይመስላል። እኛ ያገኘነው ዓይን ነው። ሁሉ ነገር እኩል በሆነበት ቦታ አንዲት አዲስ መጋረጃ እንኳ ትጮኻለች፤ ከየት መጣች ትባላለች።

ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት እትዬ አስካለና ባለቤታቸው አቶ በላይነህ ነበሩ፣ ከአራት ልጆቻቸው ጋር፤ ትልቁ ታደሰ፣ በኋላ ባሌ የሆነው፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይማር ነበር። አቶ በላይነህ በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ይይዛሉ፣ አባቴ ጣቢያው ላይ ሐዲድ ያቀያይራል። እናቴ ጥሩነሽ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ አንድ ደዌ ብቻ ነበራት፣ እሱም እትዬ አስካለ። እሳቸው መስኮታቸውን ሰማያዊ ቢቀቡ የኛም በሳምንቱ ሰማያዊ ይሆናል። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ቢተክሉ እናቴ ጠላ ጠምቃ የማታውቀው ሴትዮ ሁለት እግር ጌሾ ትተክላለች። አባቴ አንድ ቀን፣ «ነገ አስካለ ብትሞት አንቺም ልትከተያት ነው?» ሲላት፣ «ቀድማኝ ትሞታለች እንዴ!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

የቅዳሜው ውቀጣም ከዚሁ የመጣ ነው። የእሑድ ወጥ የሚሠራበት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙቀጫው ይሰማል፤ ያልተሰማበት ቤት ምን እንደጎደለው ይታወቃል። ወሩ ሲጋመስ የኛ ቤት ሙቀጫ የሚገባበት ነገር አይኖረውም፣ ወጣችን ሽሮ ነው፣ እሱም ውሃ ይበዛዋል። እናቴ ግን ሙቀጫውን ግድግዳው ሥር ታስጠጋና ባዶውን ትወቅጠዋለች። ድምፁ እንዳይሳሳ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ፍሬ ሽምብራ ትጨምርበታለች። እኛ ልጆቹ አጠገቧ ተቀምጠን ላቧን እያየን ዝም እንላለን፤ ማንም ዝም በሉ አላለንም፣ ግን ገብቶን ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሚመጣው የብርቱካን ሽታ ነበር። የመንገደኛው ባቡር ከድሬዳዋ በሚደርስበት ቀን፣ ወደ ማታ ገደማ፣ እትዬ አስካለ ልጣጭ ከሰል ምድጃው ጠርዝ ላይ ያደርጉና ያ ጣፋጭ፣ ትንሽ የሚመር ሽታ በክፍተቱ ተሻግሮ ሽሯችን ላይ ያርፋል። እናቴ እጇን ከሳህኑ ታነሣለች። «ዛሬም» ትላለች። ብርቱካን በየሳምንቱ ለማን ይገዛል? አቶ በላይነህ የሚሠሩት ዕቃ ባቡር ላይ ነው፣ ዕቃ ባቡሩ የሚጭነው ፍራፍሬ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለመስፋት መርፌ አላስፈለጋትም።

እኔ ግን አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለአባቴ ምሳ አድርሼ ስቆይ ባቡሩ መጥቶ ሄደ። መንገደኞቹ ለገሃር ከመድረሳቸው በፊት የመጨረሻውን ብርቱካን የሚልጡት አቃቂ ላይ ነበር፣ ልጣጩን በመስኮት ይወረውሩታል። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አንዲት ሴት ሐዲዱ መሐል ጎንበስ ብላ ከጠጠሩ ላይ ልጣጭ ትለቅማለች፣ አቧራውን በእጇ ጠርጋ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ቀና ስትል እትዬ አስካለ ናቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ፣ አልጨበጡኝም፣ ያዙኝ ብቻ።

«የጥሩነሽ ልጅ ነሽ አይደል? ለሌላ ለማንም ብትነግሪ ግድ የለኝም። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ። ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። ፍሬ የሌለበት ቤት መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ሽታው የሚነደው ለኛ ነበር፣ እንደኛ ሙቀጫ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ሆነ። ቦኖ ውሃው ጋ ሴቶቹ እንስራቸውን አሰልፈው ሲጠብቁ አንዷ እናቴን ለከፈቻት።

«ጥሩዬ፣ ትናንትስ ምን ሸተተሽ?»

«ብርቱካን ነዋ። ዛፉን እልፍኝ ውስጥ ሳይተክሉት አይቀሩም።»

«የባሏ ደመወዝ ከባልሽ እኩል አይደል እንዴ?»

«እኩል ነው እንጂ። ለዚህ እኮ ነው የሚገርመኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ሁሉ ነገር እዚያው ውሃው ላይ ይቀር ነበር። መሐላዬ ያዘኝ እላለሁ፤ ግን ራሴንም እጠረጥራለሁ። ታደሰ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይበልጠኝ ነበር፤ የሱ ቤት ስም ሲጎድፍ ውስጤ ትንሽ ደስ ያላለው አይመስለኝም።

ወሬው ከቦኖው ጣቢያው ደረሰ። በሌላ ሳምንት ከዕቃ ባቡሩ አንድ ሣጥን ብርቱካን ጎደለ ተባለና የጣቢያው ሹም ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። አቶ በላይነህ ጉዞ ላይ ነበሩ። እናቴ በራፋቸው ላይ ቆማ ታያለች፣ እኔም በጎኗ። ሣጥን አልተገኘም፤ ከምድጃው በላይ በክር ተሰክቶ የሚደርቅ ልጣጭ ግን ነበር።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ሹሙ።

«ልጣጭ ነው።»

«ፍሬውስ?»

እትዬ አስካለ መጀመሪያ እናቴን አዩ። ቀጥሎ እኔን። 

«በልተነዋል» አሉ።

«ከየት መጥቶ?»

«ተገዝቶ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

እናቴ ባትኖር እውነቱን ይናገሩ እንደነበር አልጠራጠርም። በእናቴ ፊት ልጣጭ ለቃሚ ከመባል የሌባ ሚስት መባልን መረጡ። አቶ በላይነህም ሲመለሱ የሚስታቸውን ቃል አላፈረሱም። ማስረጃ ስላልነበረ አልተባረሩም፤ በረሃ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ጣቢያ ተዛወሩ፣ ቤቱም ተወሰደ። እትዬ አስካለ ልጆቹን ይዘው በሰቃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራዩ። አቶ በላይነህ በሁለተኛው ዓመት በወባ ተንቀጥቅጠው መጡና ብዙ አልቆዩም።

የሄዱ ሰሞን እናቴ ቅዳሜ አልወቀጠችም። የሚሰማት አልነበረማ። ቀጥለው የገቡት ጎረቤቶች ደግሞ ሬዲዮ ነበራቸው፤ ሌላ ደዌ ጀመራት።

ከታደሰ ጋር ያገናኘን ሥራ ነው፤ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት፣ እሱ ብረታ ብረት ሥራ ገብቶ ነበር። ስንጋባ እትዬ አስካለ ጉንጬን ስመው በጆሮዬ፣ «ቃልሽን የጠበቅሽ ልጅ» አሉኝ። ምርቃት ይሁን ወቀሳ ዛሬም አላውቅም። እስኪሞቱም አልጠየቅኋቸውም። ታደሰ ቤታቸው ፍሬ እንዳልነበረ ያውቃል፤ እኔ ማወቄን ግን አልነገርኩትም፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን።

በመጨረሻው ሳምንት ብርቱካን እየላጥኩለት ሳለ ላይኛው ፎቅ ውቀጣው ተጀመረ። ታደሰ ፈገግ አለ።

«የእናትሽ ሙቀጫ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አይለኝ።»

«ባዶ ነበር እኮ።»

እጄ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ድምፁ ይመጣል፣ ሽታ የለውም። እኛ ስንስቅ እማዬ በማማሰያ ትመታን ነበር። ‹የሰው ገመና ነው፣ ከዚህ ቤት ቢወጣ ወየውላችሁ› ትለን ነበር።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። የእናቴን ባዶ ሙቀጫ እትዬ አስካለ ሹሙ ፊት ቆመው እንኳ አላወጡትም፤ አንድ ቃል ቢወረውሩ እናቴ ቀና ብላ የምትሄድበት መንገድ አይኖራትም ነበር። እኔ ደግሞ የሳቸውን ልጣጭ ደብቄ ቤታቸው ሲበተን ዝም አልኩ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን «ትበላለህ?» የሚል ነበር። ታደሰ ፍሬውን አልነካም። እጁን ዘርግቶ ልጣጩን ከመዳፌ ወሰደ፣ አሸተተው፣ ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማወቄን ያውቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። እስክነግረው ድረስ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሮ ይሆናል።

ባቡሩ ቀረ፣ ቤቶቹ ፈረሱ፣ እነዚህን አልቅሼላቸዋለሁ። አሁን የሚያስለቅሰኝ በእጄ የነበረውና ያላወጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚሰማው ጆሮ ከአፈር ገብቷል። ዛሬም ቅዳሜ ነው። ከላይ ይወቀጣል፣ መስኮቱን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ፣ ሽታ አልመጣም። ዘጋሁት። ለማንም አልናገርም።