እናቴ ከበራችን ውጭ የከረመችበት ወቅት

ይህ የሆነው ኮሮና ወደ አገራችን በገባበት ዓመት፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ዲላ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔም ደህና ነኝ። ሆኖም ዝናቡ የግቢያችንን ቆርቆሮ በር መምታት ሲጀምር፣ እናቴ ከበሩ ውጭ የተቀመጠችበት ጊዜ ይመጣብኛል፤ የያዝኩትን ሥራ ትቼ እተክዛለሁ።

አስተማሪ ነኝ። ወላጆቼ ከጎንደር በኩል መጥተው ገደብ በምትባል ከተማ ሱቅ ከፍተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። እኔም ያደግኩት ገደብ ነው። ዲላ ለትምህርት መጣሁ፤ ሥራም ትዳርም እዚሁ አገኘሁ። ባለቤቴ ታምራት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከዚህ ልጅ በፊት አንድ ጽንስ ጨንግፎብኝ ስለነበር፣ እንደገና ሳረግዝ ደስታዬን ጮክ ብዬ አላወራሁትም። ለእናቴ ግን ነገርኳት። እሷም "ዝም ብለሽ ያዢው። መውለጃሽ ሲቃረብ መጥቼ አብሬሽ እሆናለሁ" አለችኝ።

ከዚያ በሽታው ገባ ተባለ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ነበር የፈራሁት። እጄን እታጠባለሁ፤ ማስክ አደርጋለሁ። እያደር ግን ፍርሃቴ ከሰው ተለየ። ከገበያ የመጣውን ጎመን በበረኪና ውኃ እዘፈዝፋለሁ፣ ደግሜ አጥበዋለሁ፣ በመጨረሻ አልበላውም። ታምራት ከሥራ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ልብሱን ቀይሮ ሳይታጠብ ቤት አይገባም። የምንተኛው ለየብቻ ሆነ። የእጄ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ይደማ ጀመር። እንቅልፍ አጣሁ። ጤና ጣቢያ ሰው ይበዛል ብዬ የእርግዝና ክትትሌንም ተውኩት።

ከሁሉ የከፋው ግን ሐሳቤ ነበር። "ያኛውን ያልያዘ ሆድ ይሄንንም አይዝም" የሚል ነገር ቀኑን ሙሉ ውስጤ ይመላለሳል። አንዳንዴም እኔ ባልኖር ለሁሉም የሚሻል ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ታምራት "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ "ደክሞኝ ነው" እለዋለሁ። ነፍሰ ጡር ደከመኝ ብትል ማን ይጠረጥራል?

በስልክ ስናወራ ድምፄ አላማራትም መሰለኝ፣ እናቴ ሳትነግረኝ ከገደብ ተነሥታ መጣች። ያኔ መኪና እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ የት ወርዳ የት እንደተሳፈረች እሷ ናት የምታውቀው። በሩ ሲንኳኳ በቀዳዳው አየሁ። አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ዘንቢል ይዛ ቆማለች።

"ሰናይት፣ እኔ ነኝ። ክፈቺ" አለች።

እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር፤ መሳብ ግን አቃተኝ።

"እማዬ፣ በምን መጣሽ?"

"በመኪና ነዋ።"

"ሰው ነበረበት?"

"ሰው የሌለበት መኪና የት አለ ልጄ?"

መኪናው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ከእሷ ጋር በራችን ላይ የቆሙ መሰለኝ።

"መግባት አትችይም" አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ "እሺ። ዘንቢሉን እንኳ ላስቀምጥልሽ? ሽሮና በሶ ነው" አለችኝ።

"አታስቀምጪው።"

ያን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው እደነግጣለሁ። እናቴን መንገድ ላይ አቁሜ፣ በእጇ ያዘጋጀችውን አልቀበልም አልኩ።

የተመለሰች መስሎኝ ነበር። ለካ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ወይዘሮ ብርቄ አይተዋት ኖሮ እቤታቸው አስገብተዋታል። ወይዘሮ ብርቄ በዕድሜ የገፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። መፍራት የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ማታ ታምራት ይህን ሰምቶ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"እናትሽ እኮ ናት። ሰው ምን ይለናል?" አለኝ። ማልቀስ ስጀምር ግን ተወኝ። በኋላ እንደነገረኝ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

በማግስቱ እናቴ በርጩማ ይዛ መጥታ ከበራችን ውጭ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። ግቢ ለመግባት አልጠየቀችም። ምስር ትለቅማለች፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ትዘረጋለች። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ መስኮቱን ዘግቼ ነበር የማዳምጣት። እያደር ወንበሬን ወደ በሩ እያስጠጋሁ መቀመጥ ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ አባቴ ብቻውን ሱቅ ሲውል ምን እንደሚበላ ታወራኛለች። እኔ ብዙም አልመልስም። አንድም ቀን "ለምን አትከፍቺልኝም?" አላለችኝም።

አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ፣ በጎኔ ተኛሁ፤ ምንም የለም። ታምራት ጋ ብደውል ኔትወርክ እምቢ አለ። በመጨረሻ ወደ በሩ ሄድኩ።

"እማዬ፣ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም።"

በርጩማው ሲወድቅ ሰማሁ። ድምፅዋ ግን ረጋ ያለ ነበር።

"በሩን ክፈቺልኝ አልልሽም። ነጠላሽን ልበሺና ውጪ። አንቺ ፊት ፊት ሂጂ፣ እኔ ራቅ ብዬ ከኋላሽ እመጣለሁ።"

ከግቢ ከወጣሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ባጃጅ እንደማልሳፈር ታውቃለች፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ ስላልነበር በእግራችን ሄድን። እያካፋ ነው። ዞር ባልኩ ቁጥር ከኋላዬ አለች፤ ስቆም ትቆማለች፣ ስሄድ ትሄዳለች። አንዲት የሰፈራችን ሴት "ምነው፣ ከልጅሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?" ስትላት ሰማሁ።

"ኧረ አልተጣላንም፤ ጭቃ ስለሆነ ነው ተራ በተራ የምንሄደው" አለቻት እናቴ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ አዋላጅ ወጣት ናት። አስተኝታኝ መሣሪያዋን ሆዴ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ለእኔም አሰማችኝ። የልጄ ልብ ይመታል። አለቀስኩ። እሷ ግን ልብሴን አስተካክዬ ስነሣ እጆቼን አየቻቸው።

"እንቅልፍ ትተኛለሽ?" አለችኝ።

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አዋላጇ በሩን ገርበብ አደረገችና ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

"አይዞሽ፣ በዚህ ሰሞን እንዳንቺ የተቸገሩ እናቶች ሌሎችም አሉ። ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ወዳለች የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንድሄድ ወረቀት ጻፈችልኝ። ባለሙያዋ የያዘኝ ሕመም እንደሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ እንደሚያጋጥም፣ እንደሚድንም አስረዳችኝ። እየተመላለስኩ ታከምኩ። ግን በአንድ ጊዜ የሚለቅ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ስወጣ እናቴ ጣሪያው ሥር፣ ቀሚሷ በስብሶ ቆማ ነበር። ልጁ ደህና መሆኑን ስነግራት መሬት ሳመች። ሮጬ ላቅፋት ፈለግኩ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እንደመጣነው፣ እኔ ፊት እሷ ኋላ ሆነን ተመለስን።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ታመመና እናቴ ወደ ገደብ መመለስ ግድ ሆነባት። የሄደች ዕለት በሩን ከፈትኩ። ደፉ ላይ ቆሜ በሩቁ ተሰናበትኳት። "በሰላም ተገላገይ" ብላኝ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።

ልጄ በሰላም ተወለደ። ገንፎዬን ያገነፉልኝ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። እናቴ አባቴን ስታስታምም፣ እኔም ሙሉ በሙሉ እስኪሻለኝ ስጠባበቅ፣ ልጁን መጀመሪያ ያቀፈችው ዳዴ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ልጁ አላወቃትምና አለቀሰባት።

ስለዚያ ጊዜ ለዓመታት አላወራንም። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ገደብ ሄጄ፣ ከእናቴ ጋር ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ድንገት ከአፌ አመለጠኝ።

"እማዬ፣ ያኔ ተቀይመሽኝ ነበር?"

ያጣጠፈችውን አንሶላ እንደገና ዘርግታ ማጣጠፍ ጀመረች።

"አንቺን ያረገዝኩ ጊዜ እኔም እንዳንቺው ነበርኩ" አለች።

"እንዴት?"

"ከአገሬ ወጥቻለሁ፤ ዘመድ የለኝ። አባትሽ ሱቅ ይውላል። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ወንዙ ግቢ ግቢ የሚለኝ ይመስለኛል። ለማን ይነገራል? የዱካሞ እናት የምትባል ጎረቤት ነበረችን። እሷ አማርኛ አትሰማ፣ እኔ የእሷን ቋንቋ ጌዴኡፋን አልሰማ። በየቀኑ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ወንዝ ስወርድም አብራኝ ትወርዳለች። እንዲህ እያለች ነው ያወጣችኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራታል? ትፈሪያለሽ ብዬ ነው።" አንሶላውን ወደ ጎን አኖረችና ጨመረች፤ "ደግሞም አፍሬ ነው።"

እጇን ያዝኩ።

በሩን አለመክፈቴ ሕመም እንደነበር ባለሙያዋ ነግራኛለች፤ አምኛታለሁ። ጸጸቱ ግን አልለቀቀኝም። እኔ የተሰማኝን እናቴ ታውቀው ነበር። እሷም አፍራ፣ እኔም አፍሬ፣ በአንድ ቆርቆሮ በር ግራና ቀኝ ተቀምጠን ስለ ዝናቡ ስናወራ ከረምን። አንዳችን ቀድመን ተናግረን ቢሆን ኖሮ፣ ቀድሜ ድኜ፣ ልጄን ገና ጨቅላ ሳለ ገደብ ወስጄ አሳቅፋት ነበር እላለሁ። አሁን ልጄ አያቱን ሲያይ እየሮጠ ነው የሚጠመጠምባት። እሷም ትስቃለች። እኔ ግን ሁለቱን ባየሁ ቁጥር፣ እሷ ሳታቅፈው ያለፈው የአራስነቱ ጊዜ ይቆጨኛል።