የጾም ድስት

ገዳሪፍ ላይ ሐበሻዋ ነበርኩ፤ ጎንደር ስገባ ሱዳኗ ሆንኩ። እናቴ በልጅነቷ ከአምባ ጊዮርጊስ ተሰዳ ሱዳን የገባች የወገራ ሴት ናት። እኔ እዚያው ተወለድኩ፣ እዚያው ገበያ መሀል አደግሁ፣ ፉል መሥራትንም ከእሷ ተማርኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። የአማርኛ ፊደል ያወቅሁት ከአገር ቤት በሚመጣ የብስኩት ካርቶንና የዘይት ጀሪካን ላይ ለቅሜ ነው፤ እስከ ዛሬም ረጅም ጽሑፍ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው የብስኩቱን "ብ" ነው። ሱዳን ስትታመስ እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ የሚይዘኝ ነገር አልነበረም። ድስቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ሳምንት በመተማ በኩል ገባሁ።

ጎንደርን የማውቃት በእናቴ ወሬ ነበር። የእናቴ ጎንደር ደግሞ የእሷ ዘመን ጎንደር ናት፤ ባጃጅ የለባትም፣ ፎቅ የለባትም፣ ሰው ሁሉ በየአባቱ ስም ይተዋወቃል። እኔ የደረስኩባት ጎንደር ዳገቷ ያስለከልካል፣ ባጃጇ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ ጎረቤትህን በስም ለማወቅ ወር ይፈጃል። አፌም ከከተማው ጋር አልገጠመም። "ምነው ዘገየህ?"፣ "ሸጋ ነው" ባልኩ ቁጥር ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ የሱዳን ቶብ የለበሰች ሴት እንደ ወገራ አሮጊት ታወራለች! እናቴ ወንድ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንደ ታላቅ "አያ" ትል ስለነበር እኔም ወንዱን ሁሉ አያ እላለሁ። በሬ ላይ ባጃጁን የሚያቆም ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ሹፌር ነበር። "አያ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ" ስለው በሳቅ መሪው ላይ ተደፋ።

"አያ አልሽኝ? እናቴ ትስማ፣ ዛሬውኑ ነው የምትድረኝ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ "አያ ባጃጅ" አለው፤ ስሙ እስካሁን አልለቀቀውም።

የተከራየኋት ክፍል ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ዳር ናት። አከራዬ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል፤ እኔም ሲስተር አልኳቸው። ቁርስ ቤት እንደምከፍት ስነግራቸው ግድግዳውን በእጃቸው ደባበሱና "ብቻ ሰው አይጥፋበት" አሉ። "ባዶ ቤት ሳይ ደም ግፊቴ ይነሳል።" ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መጀመሪያ ላይ ሰው አልጠፋበትም። አዳር የሠሩ ነርሶች፣ ወደ ቢሮ የሚጣደፉ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች በጠዋት ይመጣሉ። ፉሌን በከሙን አበስለዋለሁ፤ ሊወጣ ሲል ለጋ ቅቤ ድስቱ ውስጥ ጣል አደርጋለሁ፣ ከላይ እንቁላል። ድስቴ አንገቷ ጠበብ፣ ሆዷ ሰፋ ያለ የአሉሚኒየም ድስት ናት። ገዳሪፍ ላይ የፉል ድስት ሳሙና አይነካውም። በሙቅ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደፋል፣ አለቀ። ቅቤውና ከሙኑ ከብረቱ ጋር ይላመዳሉ፤ ያረጀ ድስት ያላት ሴት ደንበኛ አታጣም። በቅበላ ሰሞንማ ሰው ለጾሙ የሚሰንቅ ይመስል ቅቤ ጨምሪ፣ ቅቤ ጨምሪ ይለኝ ነበር። እኔም ጨመርኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ጾሙን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። እናቴ አንድም ሁዳዴ ገድፋ አታውቅም፤ እኔም እንደ አቅሜ እጾማለሁ። ግን ገዳሪፍ ላይ ደንበኞቻችን ሙስሊሞች ነበሩ፤ የሽያጩ ድስት ዓመቱን ሙሉ ያው አንድ ድስት ነው። እናቴ በጾም የራሷን ሽሮ በትንሽ ሸክላ ለብቻዋ ትሠራ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ሰኞ ንጋት ላይ ቅቤውን ትቼ በዘይት ሠራሁና በሬን ከፈትኩ። አንድ ሰው ዝር አላለም። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ ድስቱ እሳት ላይ ይንተከተካል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። አያ ባጃጅ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ፣ "ሱዳኗ፣ በሁዳዴ ጠዋት ለማን ነው የከፈትሽው? ለዝንቡ?" አለኝ። ለካ እዚህ ሰው እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል አይቀምስም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጣና መንገዱ በነጠላ ነጣ። ሁለት ሴቶች ወደ እኔ ገቡ። አንደኛዋን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ የደብሩ መሪጌታ ባለቤት ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ሲያልፉ ሴቶች ከተቀመጡበት ይነሱላቸዋል። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ እሳቸው ከበሉ ሌላው ይከተላል።

"ዘይት ነው አይደል?" አሉ ዳቦውን እየቆረሱ።

"ዘይት ነው እማማ፣ ቅቤ ጠብታ የለበትም።"

አንዱን ጉርሻ ዋጡ። ሁለተኛውን አፋቸው አድርሰው መለሱት።

"ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚሸተኝ?"

እኔ ደስ አለኝ። ስለ ድስቴ የማወራበት ሰዓት የመጣ መሰለኝ። "ድስቷ ናት እማማ! ከነሽታዋ ነው ከገዳሪፍ ያመጣኋት። ሳሙና ነክቷት አያውቅም፣ ቅቤውን ጠጥታዋለች።"

"በቅበላ የሠራሽባት ድስት?"

"እሷው ናት!" አልኩ፤ አሁንም አልገባኝም።

ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። "ኡ! አስገደፈችኝ! ምራቄን ሳልውጥ ቆሜ ውዬ፣ በቅቤ ድስት ታስገድፈኝ! አንቺ፣ ክርስቲያን አይደለሽም?" አብረዋቸው የነበሩት ሴት እጃቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ተነሡ። የመሪጌታው ባለቤት በሩ ላይ ቆመው፣ ለሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ወደ ንስሐ አባቴ ልሂድ እንግዲህ! በመጀመሪያው ቀን!" እያሉ ወጡ።

በማግስቱ የመጣ ሰው የለም። ከዚያም በማግስቱ። የሚያልፉት ሴቶች በሬ አጠገብ ሲደርሱ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ።

ሲስተር መጥተው በባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። "የጾም ዕቃ አልለየሽም?"

"የጾም ዕቃ ምንድን ነው?"

ትኩር ብለው አዩኝ፤ የማሾፍ መስሏቸዋል። ከዚያ እንደ ነርስ፣ ቀስ አድርገው አስረዱኝ። ቅበላ ሲያልቅ ሴቱ ሁሉ ዕቃውን አውጥቶ በአመድ ይፈትጋል፣ በፈላ ውሃ ያቃጥላል። ቅቤ የጠጣ ዕቃ ደግሞ ተጠቅልሎ እስከ ፋሲካ ይቀመጣል።

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

"ይህ ይነገራል እንዴ ልጄ? እጅሽን ታጠቢ ብዬ ልንገርሽ?"

ልክ ናቸው። አዲስ አገር ስትገባ ሰው የሚነግርህ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ወደ አዘዞ የሚሄደው ታክሲ ከየት እንደሚነሣ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ማንም አይነግርህም። ያንን የምታውቀው ስታጠፋ ነው።

ሲስተር ሲነሡ ሌላውን ወሬ ነገሩኝ። "አልደብቅሽም። ፀጉር ቤት የምትከፍት ሴት ክፍሏን ጠይቃኛለች። እስከ ደብረ ዘይት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እንዲህ ባዶዋን ከሆነች አልችልም።"

ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው። በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሐሳብ ሻንጣሽን አንሺ አለኝ። ግን ወዴት? አምባ ጊዮርጊስ እናቴን የሚያስታውስ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ገዳሪፍ የነበረው ቤቴ ሌላ ሰው ገብቶበታል። "እዚሁ ነኝ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፤ ሰሚ ባይኖርም። "የትም አልሄድም።"

በማግስቱ ያለኝን ዕቃ ሁሉ፣ ጭልፋ ሳይቀር፣ መንገዱ ዳር አወጣሁት። ቅዳሴ የሚሄደው ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው፤ ይየኝ አልኩ። የከሰል አመድ በባልዲ፣ የፈላ ውሃ በጀሪካን ይዤ ተንበርክኬ ፍትጊያ ጀመርኩ። ሰው ያያል፣ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ነጠላ አጠገቤ ቆመ። ቀና ስል የመሪጌታው ባለቤት ናቸው።

"ምን ታደርጊያለሽ?"

"ዕቃ አጥባለሁ እማማ።"

"አሁን? ጾሙ ከገባ በኋላ?"

"ሲገባ አላወቅሁም። አሁን አወቅሁ።"

መሄድ ሲገባቸው አልሄዱም። "እንዲያ አይደለም! አመዱን በውሃ አታቅጥኚው፣ ደረቁን ነው። በገለባ ፈትጊው። ወይ ጉድ፣ እጇን እዩት፣ ሕፃን የምታሽ ነው የምትመስል!"

"እንዲህ?"

"ጠንከር አድርጊው። ምነው፣ አልበላሽም?"

"የሚበላ ሰው አስፈራርተው አባረሩብኝ፤ ብቻዬን አልበላልኝ ብሎ ነው።"

ከንፈራቸው ሊስቅ ፈለገና ከለከሉት። ትልቋን ድስቴን አንሥተው አሸተቷት፣ ፊታቸውን አዞሩ። "ይቺ አትለቅም። ሰባት ጊዜ ብታጥቢያትም አትለቅም። ለፋሲካ ጠቅልለሽ አስቀምጫት።" ብለው ወደ ቅዳሴያቸው ሄዱ። ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አዲስ ድስት ገዛሁ። ከዚያ ጓዳውን ተውኩትና ምድጃዬን በሩ ላይ አወጣሁት። ሽንኩርቱን እዚያው እከትፋለሁ፣ ዘይቱን ከነጀሪካኑ አጠገቤ አቆማለሁ፣ ድስቷን ሰው ሁሉ እያያት እጥዳለሁ። ሲስተር ከደረጃቸው ላይ ሆነው፣ "ሴት ልጅ እንዴት አደባባይ ላይ ወጥ ትሠራለች? ጓዳ አጣሽ?" አሉኝ።

"ጓዳዬን ማን አምኖኝ ሲስተር! ይዩኝና ይመኑኝ።"

ጠዋት መክፈቴንም ተውኩ። ባቄላው የወገራ ነው፣ ቆዳው ወፍራም፤ ከንጋት ጀምሮ ሲፈላ ውሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ እኔም ያኔ በሬን እከፍታለሁ። ሰው ግን አሁንም አይገባም። የተረፈውን ለቤተ ክርስቲያን ደጅ የኔ ቢጤዎች ወሰድኩ። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሳህኑን ከመቀበላቸው በፊት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ "ሱዳኗ ነሽ?" አሉኝ።

"ነኝ አያ።"

"ድስቱ አዲስ ነው?"

ወሬው እሳቸው ዘንድ እንኳ ደርሷል! ተናድጄም ስቄም፣ "አዲስ ነው፤ በእናቴ አጥንት" አልኳቸው። ቀምሰው፣ "ከሙኗ ትጣፍጣለች" አሉ። በማግስቱም ወሰድኩላቸው። ከዚያ በኋላም።

ከእሳቸው ቀጥሎ አያ ባጃጅ መጣ፤ ቅዳሴ ሳይጠብቅ ጾሙን በራሱ ሰዓት የሚፈታ ሰው ነው። "እኔ ብገድፍም ብዙ የሚጎድልብኝ የለም" እያለ እየቀለደ በላ። ቀጥሎ ሁለት ነርሶች። በማግስቱ ማንም አልመጣም፤ ዝናብ ነበር። እንደገና ሦስት ሰው። እንዲህ እየጠበበ እየሰፋ የደብረ ዘይት ሳምንት ደረሰ። በቂ አልነበረም፤ ሲስተርም ዓይናቸውን ከእኔ ማሸሽ ጀምረዋል።

ዓርብ፣ የፀጉር ቤቷ ሴትዮ መጣች። ጥፍሯ የተቀባ፣ ፈገግታዋ ሸጋ ልጅ ናት፤ ልጠላት ፈልጌ አልቻልኩም። በሜትር ግድግዳውን እየለካች "መስታወቱ እዚህ፣ ካስኩ እዚያ" ትላለች፤ ሲስተር ከኋላዋ ይከተሏታል። እኔ በሩ ላይ ፉሌን አማስላለሁ።

ቅዳሴ ወጣ። የመሪጌታው ባለቤት ከሴቶች መሀል ተለይተው ወደ ምድጃዬ መጡ። ጭልፋውን ከእጄ ወሰዱ፣ አሸተቱት። ድስቱን ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት። ዘይቱን ከፍተው አዩ። በኋላዬ ዞረው መደርደሪያውን ተመለከቱ። መንገዱ ላይ ያሉት ሴቶች ቆመዋል። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና "ምን ታያላችሁ? ግቡ እንጂ!" አሉ። "ለእኔ ቃሪያዋን አብዢልኝ። ባለፈው የቆረስኩትን ዳቦ እንኳ በወጉ ሳልበላው ነው የወጣሁት።"

"በማን ጥፋት?" አልኳቸው፣ ሳህኑን እየሞላሁ።

"በአንቺ! ዛሬም ጨው አንሶት ቢገኝ አልምርሽም።"

ገቡ። አግዳሚው ሞላ፣ በርጩማው ሞላ፣ ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው በሉ። የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ሜትሯን እንደ ያዘች ጥግ ላይ ተጣብቃ ቀረች። የመሪጌታው ባለቤት አዩአት።

"አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ጾመሽ ውለሽ የለ? ተቀመጪ።"

ሜትሯን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች። ሳህን ሰጠኋት፤ እየበላች "ኧረ ይጣፍጣል!" አለች፤ በእውነት ነው ያለችው። ሲስተር እጃቸውን ታጥበው ዳቦ ማደል ጀምረው ነበር። በእሷ በኩል ሲያልፉ ጎንበስ ብለው፣ "ስትጨርሺ የጓሮዋን ክፍል አሳይሻለሁ" አሏት። "መብራት አላት፣ ቧንቧም ቅርቧ ነው።"

"ይቺስ ሲስተር?"

"ይቺማ ሰው አለባት።"

ይህን ስሰማ ጭልፋዬን አልጣልኩም፣ አላለቀስኩም። ዳቦ እያለቀ ነበር። በሩ ላይ ወጥቼ "አያ ባጃጅ! ሮጠህ ዳቦ አምጣልኝ፣ ምነው ቆመህ ታየኛለህ?" ብዬ ጮህኩ።