የሐሙስ ሳህን

እሁድ ከሰዓት የሽፈራው ቅጠል ስቀቅል፣ ሽታው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል።

እናቴ ቀን ቢሮ ትሠራ፣ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ ትማር ነበር። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምንበላውን ወጥ እሁድ ሠርታ በአምስት ሳህን ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሥጋ የምንበላው ሐሙስ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ሽፈራው ነበር።

ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወልደው ከሆስፒታል ገብተዋል። ባለቤታቸው ለሥራ ጨንቻ ከተማ ሄደው ነበር፤ ምግብ የሚሠራላቸው ሰው የለም። የሐሙሱን የሥጋ ወጥ አሙቄ በእንጀራ ወሰድኩላቸው።

ማታ እናቴ ከኮሌጅ ተመልሳ ፍሪጁን ከፈተች። "የሐሙሱ የት ገባ?"

"ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው" አልኳት እየፈራሁ።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቁጭ አለች። "እኔም አንቺን ወልጄ ስገባ ቤቱ ቀዝቅዞ ነው የጠበቀኝ" አለችና አቅፋኝ አለቀሰች። በአርባ ምንጭ ሙቀት ቤት እንዴት ይቀዘቅዛል ብዬ ገረመኝ። ያን ቀን ዳቦ በሻይ በላን።

በቀጣዩ እሁድ ሳህኖቹ ስድስት ሆኑ። "ይሄኛው የማን ነው?" ስላት፣ "የአራሷ" አለችኝ።

"ቤቱ ቀዝቅዞ" ያለችው የገባኝ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ስመለስ፣ እናቴ ቀድማኝ ቤቴ ገብታ፣ ወጥ ሠርታ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።